ልጁ ሲሸማቀቅ ወላጅ የማንን በር ያንኳኳ?

ይድረስ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሰፈራችን ያለች አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ በመቅረቷ ነው። የክፍሏ ልጆች ፎቶዋን ቆርጠው የቴሌግራም ስቲከር አደረጉት፤ ከሥሩም በጥርሷ የሚያሾፍ ጽሑፍ ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ መሳቅ ያሰኘው ሁሉ የሚልከው የእርሷን ፊት ሆነ። ስለ ቤት ሥራ ሲጠየቅም፣ ስለ ኳስ ሲወራም ያው ፊት ይላካል። እናቷ ነገሩን ያወቁት ልጅቱ አፏን በእጇ ሸፍና መብላት ስትጀምር ነው።

እናትየው አብዛኞቻችን የምናደርገውን አደረጉ፤ ስልኩን ቀሙ። ስቲከሩ ግን መዞሩን አላቆመም። ልጆች የሚደርስባቸውን የሚደብቁን በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የተናገረ ልጅ ስልኩን ይነጠቃል። ትምህርት ቤት ሄደው ሲያመለክቱ «ከግቢ ውጭ የተደረገ ነው» ተባሉ። ጎረቤቱ ደግሞ «አንቺም ስደቢያቸው በያት» ብሎ መከራቸው።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 መልእክት እየደጋገሙ በመላክ ሰውን ማስፈራራትንና ማስጨነቅን በወንጀልነት ደንግጓል። ነገር ግን በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው የሚታየውም በተለየ ሥርዓት ነው። እኔም የ13 ዓመት ልጅ በስቲከር ምክንያት ፍርድ ቤት እንዲቆም አልመኝም። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ እናንተና ወደ እኛ ወደ ወላጆች ይመለሳል።

የምለምንዎ በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ለዚህ ጉዳይ በስም እንዲመደብ ነው። ስልክ ቁጥሩ በምዝገባ ጊዜ ለወላጅ ይሰጥ፤ አቤቱታ የቀረበለትም በሦስት የትምህርት ቀናት ውስጥ መልስ ይስጥ። ጥቃቱ የተፈጸመው በስልክ ቢሆንም የሚያቆስለው ክፍል ውስጥ ነውና «ከግቢ ውጭ ነው» የሚለው መልስ ይቅር። ስቲከሩን የሠሩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ያዛመቱት ግን የክፍሉ ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤት ጥቃትን ያጠናው ስዊድናዊ-ኖርዌያዊ ተመራማሪ ዳን ኦልዌስ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በኖርዌይ በበርገን ከተማ ትምህርት ቤቶች ሲሠራ አጥቂውን ብቻ ሳይሆን መምህራንን፣ ወላጆችንና መላውን ክፍል ያሳተፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለወላጆችም አንድ ገጽ ወረቀት ይታተምልን። ስልክ ከመቀማት በፊት ስክሪንሾት መያዝ እንደሚገባ ይንገረን፤ በቴሌግራም በግል የተላከን መልእክት ላኪው ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላልና። ማንም ልጃችንን እየጎተተ ቡድን ውስጥ እንዳያስገባ ቅንብሩ የት እንደሚገኝ፣ ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይፈቀድም ይጻፍበት። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ሲናገር ሳይቆጡ፣ ሳያቋርጡ መስማት እንደሚቀድም ይጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ በወላጆች ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ሊነገረን ይገባል። በሐይቁ ዳር ታንኳ እየሠሩና ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች በክፍል ውስጥ የሚሰሙትን ስድብ ልጆቻችን ከየትም አላመጡትም፤ ከእኛው ማዕድ ላይ ነው የሰሙት። ይህንን መምሪያው በወረቀት ሊያስተካክለው አይችልም፤ ስብሰባ ጠርቶ ሊነግረን ግን ይችላል።

ዩኔስኮ የትምህርት ቤት ጥቃትንና የበይነ መረብ ትንኮሳን ለመቃወም የሰየመው ቀን በየዓመቱ የኖቬምበር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት ማብቂያ ላይ ይውላል። ስብሰባው በዚያ ሳምንት ይጠራልን። የወረቀቱን ረቂቅ እኔና ሌሎች ወላጆች ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህራን እንዲያርሙልን የትብብር ደብዳቤ ይጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተማሪ ወላጅ፣ ባሕር ዳር