የሚኒ ሚዲያና የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ ጢስ ዓባይ በአንድ ዲቪዲ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ዋና ሥራ በየፍላሹና በየሚሞሪ ካርዱ ተበታትነው የቆዩትን የወላጆች በዓል፣ የምርቃትና የጉብኝት ቀረጻዎች ሰብስቦ በዲስክ ማስቀመጥ ነበር። የጀመርነው ከጌም ነው። ይህን በግልጽ የምጽፈው «ክበቡ ልጆቹን ጌም እያስለመደብን ነው» የሚል ቅሬታ ከአንዳንድ ወላጆች ስለደረሰን ነው። አባላቱ በክበብ ሰዓት ጌም አልተጫወቱም። የጌም ዲስክ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ግን መርምረዋል፤ ቪዲዮና ድምፅን በጠባብ ቦታ የማስፈር ጥበብ ከዚያ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን (በቲቪ ጌም የሚያጫውተው የሶኒ መሣሪያ) በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሚጠቀመው ተራ ሲዲ ነበር፤ ከዲስኩ የሚያነበውም በሰከንድ 300 ኪሎባይት ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ በጌሙ መሀል የሚታየው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ 320 በ240 ነጥብ፣ በሰከንድ 15 ምስል ነው፤ እያንዳንዱም ምስል እንደ ጄፔግ ፎቶ ለብቻው ይጨመቃል። ድምፁ ኤክስኤ በሚባለው ስልት በሰከንድ 37,800 ጊዜ እየተለካ (37,800 ኸርዝ)፣ እያንዳንዱም ልኬት በ4 ቢት ስለሚቀመጥ፣ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ከሚፈጀው የሲዲ ሙዚቃ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ሴጋ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ድሪምካስት የተባለ የጌም መሣሪያ ደግሞ አንድ ጊጋባይት ገደማ የሚይዝ የራሱ ዲስክ ነበረው። ያን በ700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ በመጠባበቂያነት ለማስቀመጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቦታ ለመሙላት ብቻ የገባው ባዶ ፋይል ነው። ካልበቃ ሙዚቃው ከ44,100 ወደ 22,050 ኸርዝ ይወርዳል። ቪዲዮ በመጨረሻ ነው የሚነካው፤ አንዴ የተጨመቀ ምስል እንደገና ሲጨመቅ ጉዳቱ በዓይን ይታያልና። የሰው ሥራ እያባዙ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ መሆኑንም አብረን ተምረናል፤ ክበቡ «በርን» ያደረገው፣ ማለትም ዲስክ ላይ የጻፈው፣ የትምህርት ቤቱን ቀረጻ ብቻ ነው።

ድምፅ ላይ የተማርነውን ወዲያው ሞከርነው። በ22,050 ኸርዝ የተቀመጠ ድምፅ ከ11,025 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ሁሉ ያጣል። በጥምቀት ቀረጻችን ላይ ከበሮው እንዳለ ቀረ፤ የጸናጽሉ ጥራት ግን ደነዘዘ። ስለዚህ ንግግርን፣ ለምሳሌ የሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ዝግጅቶቻችንን፣ በሞኖ፣ በ22,050 ኸርዝና በ64 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አደረግን፤ አንድ ሲዲ ከ24 ሰዓት በላይ ይይዛል። መዝሙርና ዜማ ባለበት ግን እንዲህ አናወርድም።

ሳምንታዊ ስብሰባው እንደወትሮው ተካሂዷል፤ ኮሚቴው ተመርጧል፤ አዲስ አባላትም ተመዝግበዋል።

የዲቪዲው ሒሳብ እንዲህ ነው። ባዶው ዲስክ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል። ኮምፒውተሩ 4.38 ጊጋባይት ብሎ ሲያሳይ የተጭበረበሩ የመሰላቸው ልጆች ነበሩ፤ ልዩነቱ አምራቹ በ1,000፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። ባይቱ በ8 ተባዝቶ ለሁለት ሰዓት፣ ማለትም ለ7,200 ሰከንድ ሲካፈል፣ በሰከንድ 5,220 ኪሎቢት ገደማ ይደርሳል። ለሜኑና ለመጠባበቂያ አራት በመቶ፣ ለድምፁ 192 ኪሎቢት ሲቀነስ ለምስሉ ወደ 4,800 ይተርፋል። በቲቪ ማጫወቻ እንዲከፈት ምስሉ ኤምፔግ ቱ (የዲቪዲ ቪዲዮ የሚጨመቅበት ስልት)፣ 720 በ576 ነጥብ፣ ድምፁም 48,000 ኸርዝ መሆን አለበት።

በጥቅምት ጢስ ዓባይ ሄድን። ክረምቱ ገና ስላልራቀ ውሃው ሙሉ ነበር። የአላታን ድልድይ ድንጋይ በድንጋይ፣ ታንኳውንም ቀረጽን፤ ፏፏቴውንም ካሜራውን በእጅ ይዘን ከፊት ለፊቱ ቀረጽን። ተመልሰን ሁሉንም እኩል በ4,800 ስንጨምቀው ድልድዩ ጥርት አለ፤ ፏፏቴው ግን ካሬ ካሬ ሆኖ ተበጣጠሰ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ዲስኩም አልሞላም። ልጆቹ ካሜራውን ሲወቅሱ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ፣ «ቲቸር፣ የፕሌይስቴሽኑ ፊልም ከዚህ ያነሰ ሆኖ ለምን እንዲህ አይበጣጠስም?» አለች። ሌላው ሳይመልስላት ራሷ ቀጠለች፦ እዚያ እያንዳንዱ ምስል ራሱን የቻለ ነው፤ ኤምፔግ ቱ ግን በየ12 ምስሉ ገደማ አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና በመካከሉ የሚጽፈው የተለወጠውን ብቻ ነው፤ ፏፏቴ ላይ ደግሞ የማይለወጥ ነገር የለም። ከድልድዩ፣ ከታንኳውና ከፏፏቴው አሥር አሥር ሰከንድ ቆርጣ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ፕሮግራም ሦስቱንም በእኩል ጥራት ጨምቃ መጠናቸውን አስተያየች። የፏፏቴው ፋይል ከድልድዩ በብዙ እጥፍ በለጠ። «እንግዲያው ድልድዩ ለፏፏቴው ያበድረዋ» አለች። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያስደሰተኝ ጥቂት ነገር ነው።

መፍትሔውም እሷ ያለችው ሆነ። በሁለት ዙር መጨመቅ ጀመርን፦ የመጀመሪያው ዙር የትኛው ቦታ ከባድ እንደሆነ ይመዘግባል፣ ሁለተኛው በዚያ መሠረት ያድላል። አማካዩ 4,800 እንዳለ ሆኖ ጣሪያውን 8,000 አደረግነው። የዲቪዲ መስፈርት እስከ 9,800 ይፈቅዳል፤ በርን የተደረገ ዲስክ ግን በአሮጌ ማጫወቻ ላይ እዚያ ሲደርስ ይንተባተባል። ወደ ጣና ሐይቅ ዳር ስንመለስ ትራይፖድ ይዘን ወጣን፤ ካሜራው ሲረጋ ከበስተኋላ ያለው ቢት መብላቱን ያቆማል። የሌንሱን ጤዛ በየቀረጻው መጥረግም ግዴታ ነው፤ ጠብታ ያለበት ምስል በሰከንድ የቱንም ያህል ኪሎቢት ቢሰጠው አይጠራም።

የተበላሸም አለ። በርን እየተደረገ መብራት ከጠፋ ዲቪዲ አር (አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ) አይመለስም፤ ይጣላል። በ16 እጥፍ ፍጥነት የተጻፉ ርካሽ ዲስኮች በኮምፒውተር ተነብበው በማጫወቻ እምቢ አሉ፤ ወደ 4 እጥፍ አውርደን፣ ከጻፍን በኋላ ቬሪፋይ ማድረግን፣ ማለትም የተጻፈው ልክ መሆኑን ማረጋገጥን፣ ግዴታ ስናደርገው ተስተካከለ። የሚለጠፍ ወረቀት ዲስኩን ሚዛን ስለሚያሳጣው ትተነዋል፤ የምንጽፈው መሀሉ ላይ በማርከር ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው የአንድ ዓመት የምርቃት ቀረጻ ነው፤ ካርዱ ሞቶ ስላገኘነው የዚያ ዓመት ተመራቂዎች ምስል የለንም።

በየዓመቱ ለማልያ ገንዘብ የሚገኝበት ትምህርት ቤት አንድ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ፣ አጣ ማለት ይከብደኛል። ክበቡ የሚፈልገው አንድ ዩፒኤስ፣ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና አንድ ተጨማሪ የዲቪዲ ራይተር ነው። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ርዕሰ መምህር ቢሮ ማነጋገር ትችላላችሁ። በቤታችሁ የድሮ ቀረጻ ያለበት ካሴት፣ ሚሞሪ ወይም ፍላሽ ካላችሁም አምጡልን፤ ቀድተን እንመልሳለን። የተጠናቀቁት ዲስኮች አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት፣ አንድ በሪከርድ ክፍል ተቀምጠዋል።