በትሬቪ ፏፏቴ ስለተደፋው የእናቴ ውሃ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ኃላፊ
ሮማ

ክቡር ሆይ፣

ባለፉት አምስት ወራት ሦስት አቤቱታ በጣሊያንኛ ጽፌ፣ ሁለት ጊዜም ቢሮ ድረስ ተመላልሼ፣ በእጄ የገባው አንድ የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው። አሁን በአደባባይ፣ በአማርኛም ጭምር የምጽፈው በዚህ ከተማ የሚኖሩ ወገኖቼ እንዲያውቁት ነው።

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችውን የሰባ ሁለት ዓመት እናቴን ትሬቪን ላሳያት ይዣት ሄድሁ። መንካት እንደማይፈቀድ ነግሬያት ስለነበር ወደ ትልቁ ገንዳ አልተጠጋችም። ከጎኑ ግን ሁለት ቀጫጭን የውሃ ክሮች ተሻግረው የሚወርዱባት፣ ሮማውያን የፍቅረኞች ምንጭ የሚሏት ትንሽ መጠጫ አለች፤ እናቴ «ይህችማ ቦኖ ናት» ብላ ወረፋዋን ጠብቃ ባዶ ሃይላንዷን ደቀነች። ክዳኑን ገና ሳትገጥም አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ፊሽካውን እየነፋ መጣና ሃይላንዱን ከእጇ ነጥቆ ውሃውን እግሯ ሥር ደፋው። የነጠላዋ ጫፍ ራሰ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እዚህ ውሃ መሸጥ ክልክል ነው» አለኝ። ከፊቷ የነበሩት ሁለት ቱሪስቶች ጠርሙሳቸውን ሞልተው ሲሄዱ ቆሞ ያያቸው ነበር። በዚያ ሰልፍ ጥቁር እሷ ብቻ ነበረች።

ገንዳው ውስጥ መግባት እንደሚያስቀጣ፣ ከመጠጫዋ መጠጣት ግን እንደማያስቀጣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ውሃው ለማን እንደመጣም ግድግዳው ራሱ ይናገራል። የጥንቷ ሮማ የጦር መሪ አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቦይ፣ አብዛኛውን በመሬት ውስጥ፣ ወደ ከተማው ያስገባው ይህ ውሃ ነው፤ አንደኛው ቅርጽ ለተጠሙ ወታደሮች ምንጩን የምታመለክተውን ልጃገረድ ያሳያል። ጤናን የምትወክለው ሐውልት በያዘችው ጽዋ ደግሞ እባብ ሳይቀር ይጠጣል። የፏፏቴው አርክቴክት ኒኮላ ሳልቪ እ.ኤ.አ. በ1732 ሥራውን ሲጀምር ቦዩ ዝቅ ብሎ የሚደርስ በመሆኑ ውሃውን ሽቅብ ማስፈንጠር አልተቻለውም፤ ስለዚህ ገንዳውን ከመንገዱ በታች አውርዶ፣ 49 ሜትር በሚሰፋውና 26 ሜትር ከፍ በሚለው የድንጋይ ሥራ ግርጌ ውሃው በቋጥኝ ላይ እየተንከባለለ ሰው እግር ሥር እንዲደርስ አደረገው። እሱ በ1751 ሞተ፤ ፏፏቴው የተመረቀው በ1762 ነው። ሳልቪ ሠርቶ ያላየውን ይህን ሥራ እናቴ ከደረጃው ላይ ቆማ «እጁ ይባረክ» ብላው ነበር፤ ይህን ካለች አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው ሃይላንዷ የተነጠቀው።

ወደ ገንዳው የሚጣለው ሳንቲም ለችግረኞች መርጃ በሚውልበት በዚያው ቦታ አንዲት አሮጊት ከመጠጫ የቀዳችው ግማሽ ሊትር ውሃ በቆዳዋ ምክንያት ሲደፋባት፣ ሦስት ደብዳቤ አንብቦ ዝም ማለት ድርጊቱን ማጽደቅ ነው። ጥበቃውን ከሥራ አባርሩልኝ አላልሁም። ሰልፉ ላይ ማን እንዲቆም፣ ማን እንዲባረር እንደታዘዘ በጽሑፍ ይገለጽልኝ፤ እናቴም በስሟ የተጻፈ ይቅርታ ይድረሳት። በጣሊያንኛ ይጻፉት። እኔ በስልክ እየተረጎምሁ አነብላታለሁ።