አጀንዳው ቀድሞ ይለጠፍልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የትንሿ ከተማችን ምክር ቤትም በጀቱን ለማጽደቅ ሊሰበሰብ ነው። እኛ ነዋሪዎች ግን ስብሰባ መኖሩን የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም በወሬ።

የቦኖ ውኃ፣ የመንገድ መብራት፣ የገበያው ቦይ ተራ ጉዳይ ይመስላሉ። ለእኛ ግን ኑሯችን ናቸው። ቦዩ ክረምት ሳይገባ ካልተጠረገ ጎርፉ ቀጥታ ሱቅ ውስጥ ነው የሚገባው። ታዲያ ለጠረጋው ስንት ተመደበ? ማን ይሠራዋል? መቼ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አባላቱ ሥራ እንደሚበዛባቸው እናውቃለን፤ ድካማቸውንም እናከብራለን። የምንለምነው ግን ቀላል ነው። አጀንዳውና ረቂቅ በጀቱ ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብሎ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ይለጠፍ። ቃለ ጉባኤውም ሲጸድቅ እዚያው ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ነዋሪ