ግራ እጅህን አትተዋት

ልጄ፣

እህትህ ትናንት ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፤ አፋጥጬ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ከስትሮኩ በኋላ የጀመርከውን ፊዚዮቴራፒ ካቆምክ 3 ሳምንት አለፈህ አለችኝ። «ከዚህ በላይ አይሻለኝም» ብለህ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ነህ አለችኝ። ግራ እጅህን ደግሞ ጭንህ ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀምጠሃታል። እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

ግራ እጅህን አትተዋት።

አባትህንም ስትሮክ እንደመታው ታውቃለህ። ግን ትምህርት ቤት ስለምትውል ያላየኸው ብዙ ነው። ስትሮኩ የያዘው በቀኙ ነበር። ከሆስፒታል ሲመጣ ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሱ ነበር። ባለሙያዋ «ራሱ ይሞክር፣ አትቅደሚው» ብላኛለች። አንጀቴ አልችል አለ። አንዲት ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ሲታገል፣ ላቡ በግንባሩ ሲወርድ እያየሁ እንዴት ልቀመጥ? «ተው፣ እኔ አለሁልህ» ብዬ ከእጁ ቀማሁት። ሸሚዙን እኔ ቆለፍኩ። ፀጉሩን እኔ አበጠርኩ። ጫማውን እኔ አሰርኩ። ሰው «ሚስት ማለት እንዲህ ነው» ሲለኝ ደስም ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

በዓመቱ እጁ ተጨብጣ ቀረች። ጥፍሩን ለመቁረጥ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነበር የማላቅቀው። መዳፉ ላይ የገዛ ጥፍሩ የወጋው ምልክት ነበረ። አንድ ቀን እየቆረጥኩለት «ትንሽ ብትተዪኝ ኖሮ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም መቀሱን ይዤ ዝም አልኩ።

ይሄን ለሚስትህ አንብብላት። ቁልፍህን አትቆልፍልህ። ስታነሳህም በእጅህ አትጎትትህ፤ ትከሻህን የሚይዘው ጡንቻ ስለደከመ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። በወገብህ ትያዝህ።

የሞተው የአንጎልህ ክፍል አይመለስም፤ ይሄን ሐኪሙም ነግሮሃል። ግን አጠገቡ ያለው ሥራውን ሊማር ይችላል፣ የሚማረውም በመደጋገም ነው። ቀኝህ ሁሉን ከሠራች አንጎልህ ግራህን ይረሳታል። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ አንተ 5ኛህን ይዘሃል። ስለዚህ ያዘግማል። ማዝገምና መቆም ግን አንድ አይደሉም። ዓመት አልፏቸው የተሻሻሉም አሉ።

ነገ ጠዋት ወንበር ግድግዳ አስደግፍና ተቀመጥ። ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይርገጡ፣ ግራው ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ፤ ካልሆነ ቀኝህ ብቻውን ያነሳሃል። ወደ ፊት ጎንበስ ብለህ ተነስ። ስትቀመጥ ቀስ በል፣ ዘጭ አትበል። አንድ ቀን 5 ጊዜ ከቻልክ በማግስቱ 6። ሰው አጠገብህ ይኑር። ካዞረህ ወይም ደረትህን ካመመህ አቁምና ሐኪም ጥራ። ምንጣፉን አንሱት፣ ነጠላ ጫማም አታድርግ። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ ደካማው። የግፊት መድኃኒትህን አንድ ቀን ዘለልክ ብባል እኔው ራሴ እመጣለሁ።

ሌሊት ማልቀስህንም ሰምቻለሁ፣ የኔ ጌታ። ስንፍና አይደለም። ድብርቱ ብዙ ጊዜ ከስትሮክ ጋር የሚመጣ ነው፣ ሕክምናም አለው። ለሐኪምህ ሳትደብቅ ንገረው። አባትህ ደብቆ ነበር፤ እኔ ደግሞ ኩርፊያ መስሎኝ ተኳርፌዋለሁ።

ግራ እጅህን አትተዋት። ስትታጠብ ሳሙናውን እሷ ትያዝ። ይውደቅ! ደግመህ አንሳው።

መልስ ጻፍልኝ፤ ስልክ አልፈልግም። በቀኝህ ጻፍ፣ ወረቀቱን በግራህ ያዝ። ወረቀቱ ተጨማዶ ካልመጣ በግራህ እንዳልያዝከው አውቃለሁ።

እናትህ