«አንዲት ሴት» ማን ናት? ለሕጻናት ጉዳይ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የሕጻናትንና የጉዲፈቻን ጉዳይ ለሚመራው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ15 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄን በጉዲፈቻ ያገኘኋት ገና ሳትራመድ ነው። ይህን ከሕጻንነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ደብቀናት አናውቅም። እኔና እሷ መሃል እናትና ልጅ መሆናችን ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት መስታወት ፊት ቆማ ቅንድቧን በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ፋይሏን አወጣሁላት። አንድ ገጽ ነው። ቀን፣ ማኅተም፣ የማይነበብ ፊርማ፣ ከዚያ «በአንዲት ሴት አማካኝነት የመጣች» የሚል መስመር። በቃ። ልጄ «አንዲት ሴት» በሚለው ሥር በእርሳስ አሰመረችበት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። የወለደችኝ ራሷ ትሆን? አክስቴ? ጎረቤት? ስሜን ነግራቸው ነበር?

ክቡር ሆይ፣ ያንን ማኅተም ያደረገው ሠራተኛ ሴትየዋን በዓይኑ አይቷታል። ፊቱ ቆማ ነበር። ጠይቆ ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ነገሩ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ጥናቶቹን ማንበብ ስጀምር ነው። «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ መጠየቅ የአፍላ ዕድሜ ዋና ሥራ እንደሆነ የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ከጻፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሁሉም ልጅ ይጠይቃል። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ግን ታሪኩ የሚጀምርለት ከመሃል ነው።

ሃሮልድ ግሮትቫንት እና ሩት ማክሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ጥናት ጀመሩ፤ የሚኒሶታ ቴክሳስ የጉዲፈቻ ጥናት ይባላል። 190 አሳዳጊ ቤተሰቦችንና 169 ወላጅ እናቶችን ይዘው ተነሡ፤ ልጆቹንም አዋቂ እስኪሆኑ ተከታተሏቸው። ያኔ ብዙ ሰው አንድ ስጋት ነበረው። ልጁ ስለወለዱት ሰዎች ካወቀ «እናቴ የቷ ናት?» ብሎ ይምታታበታል የሚል። አልተምታታባቸውም። ያሳደጓቸው ወላጆቻቸው እንደሆኑ ልጆቹ አሳምረው ያውቁ ነበር። ይህን ሳነብ ትልቅ እፎይታ ነው የተሰማኝ፤ እኔም ውስጥ ውስጡን እፈራ ነበርና።

ታዳጊዎቹ ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ነገሩን ጨርሶ ያላሰበበት አለ። ማሰብ የጀመረ አለ። በቁጣና በጥያቄ የተወጠረ አለ። ታሪኩን ከራሱ ጋር አስማምቶ የተቀመጠም አለ። ስለዚህ ልጅ ሁሉ ፋይሉን ይጠይቃል አልልዎትም። የጠየቀ ዕለት ግን የሚያነበው ነገር ማግኘት አለበት።

ዴቪድ ብሮድዚንስኪ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ ቤት ውስጥ ስለ ጉዲፈቻ በግልጽ ማውራት ልጁን እንደሚጠቅመው ይናገራሉ። ልክ ናቸው። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ አልሸሸውም። ግን የማላውቀውን ከየት አምጥቼ ላውራላት?

የወላጅ እናት ምስጢርስ የሚል ይኖራል። አውቃለሁ፣ ስሟ እንዳይወጣ የምትፈልግ እናት አለች፤ በቂ ምክንያትም ይኖራታል። ነገር ግን መመዝገብና መክፈት ለየቅል ናቸው። የተመዘገበው ታሽጎ ይቀመጥ። መቼና ለማን እንደሚከፈት ሕግ ይወስን። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው የመጀመሪያ የልደት መዝገቡን እንዲያይ ፈቅዳለች፤ ዕድሜው በፊት 17 ነበር፣ አሁን 16 ነው። ያልተጻፈ ነገር ግን በየትኛውም ዕድሜ አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው፣ ከአገር ወደ አገር ስለሚደረግ ጉዲፈቻ የሚደነግገው የሄግ ስምምነት አንቀጽ 30 ስለ ልጁ መነሻ ያለው መረጃ፣ በተለይ የወላጆቹ ማንነትና የጤና ታሪክ፣ ተጠብቆ እንዲቆይ ያዝዛል። የጤናው ነገር ቀላል እንዳይመስልዎት። ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር «በቤተሰብ ውስጥ የስኳር በሽታ አለ? የልብ በሽታስ?» ይሉናል። ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ልጅ በሚረከቡበት ቀን፣ እዚያው፣ ያመጣው ሰው ሳይሄድ ይመዝገብ። ማን ነው? ለልጁ ምኑ ነው? ልጁ በምን ስም ይጠራ ነበር? እህት ወንድም አለው? በቤተሰቡ ምን በሽታ አለ? ወላጅ ለልጇ ደብዳቤ መተው ከፈለገች ይቀበሏት፤ መጻፍ ካልቻለች ሠራተኛው ይጻፍላት። ለሠራተኞችዎም ለምን እንደሚጠይቁ ይነገራቸው። ቅጹን የሚሞሉት 15 ዓመት ቆይታ ለምታነበው ልጅ እንደሆነ ካወቁ «አንዲት ሴት» ብለው አያልፉም።

የልጄን ፋይል አሁን ማንም ሊያሟላው አይችል ይሆናል። ነገ ጠዋት ግን ሕጻን ታቅፋ ወደ አንዱ ቢሯችሁ የምትገባ ሴት ትኖራለች። እባክዎ ወንበር ይሰጣትና ትጠየቅ።

አክባሪዎ፣
የ15 ዓመት ልጅ እናት