አውሮፕላኑን የጣለው ጭጋግ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን በወደቀች ቁጥር የሚወጣው ዜና አንድ ዓይነት ነው፤ «በመጥፎ የአየር ጠባይ ምክንያት ተከሰከሰች» ይልና ያበቃል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባነበብሁ ቁጥር ይከነክነኛል። ጭጋጉ እዚያው ባለበት ነው ያለው፤ ወደ እርሱ የሚሄደው ሰው ነው። የሚሄደውም ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ሳለ፣ ሞተር ሳያስነሣ በቆረጠው ሐሳብ ነው።

የማነሣው ምሳሌ የቆየ ነው፤ ነገር ግን በጥልቀት የተመረመረ በመሆኑ ከእርሱ መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ልጅ ታናሹ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ባለአንድ ሞተር ፓይፐር ሳራቶጋ አውሮፕላኑን ራሱ እያበረረ፣ ባለቤቱንና እህቷን አሳፍሮ ከኒው ጀርሲ ተነሣ። እህትየውን ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ አውርዶ ወደ ዘመድ ሠርግ ሊያልፍ ነበር። ከምሽቱ 2፡38 ላይ ሲነሣ ፀሐይ ጠልቃለች። አንድ ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ ደሴቲቱ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ሦስቱም ሞቱ።

የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መንስኤው አብራሪው በሌሊት ውኃ ላይ ከፍታ እየቀነሰ ሳለ አቅጣጫና ሚዛኑን ስቶ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው ብሎ ደመደመ። ጨለማውንና ጭጋጉን አባባሽ አላቸው። ልብ በሉ፤ አባባሽ ነው ያላቸው። በዚያ ምሽት በዓይን እያዩ መብረር በሕጉ የተፈቀደ ነበር፤ አውሮፕላኑም ላይ ብልሽት አልተገኘም። ሰውየው 310 ያህል የበረራ ሰዓት ነበረው፤ ውጭውን ሳያይ የአውሮፕላኑን ጠቋሚ መሣሪያዎች ብቻ ተከትሎ ለመብረር የሚያስችለውን ሥልጠና ግን ገና አልጨረሰም። ያንኑ አውሮፕላን ያለ አስተማሪ በሌሊት ያበረረው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንድ የበረራ አስተማሪ አብሬህ ልሂድ ብሎት ነበር፤ ብቻውን መሄድ እንደሚፈልግ ነገረው። እኔ ይህን ሳነብ ቆም የምለው እዚህ ላይ ነው። አደጋው ከመድረሱ በፊት፣ እግሩ መሬት ላይ ሳለ፣ መዳኛው ቀርቦለት ነበር። በዚያው ምሽት ወደዚያችው ደሴት ሊበር የነበረ ሌላ አብራሪ ጭጋጉን አይቶ በረራውን ሰርዟል። ከላይ ያለፈ አንድ ሌላ አብራሪ ደግሞ ቁልቁል ሲመለከት የደሴቲቱን መብራት ጨርሶ ስላላየ መብራት የጠፋ መስሎት እንደነበር ለመርማሪዎች ተናግሯል።

እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ሰውን የሚያታልለው የገዛ ጆሮው ነው። የውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ መዞራችንን የሚነግረን መዞር ስንጀምር ነው። ዙሩ ቀስ ብሎ ከቀጠለ ፈሳሹ አብሮ ይዞርና ዝም ይላል፤ አብራሪው ክንፉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ክንፉን ሲያስተካክል ደግሞ በተቃራኒው የዞረ መስሎት ወደ ቀድሞው ጠመዝማዛ ይመለሳል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሲዘቀዝቅ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ያን ጊዜ ዙሩ ይጠብቃል እንጂ አውሮፕላኑ አይነሣም። የኬኔዲ አውሮፕላን በመጨረሻ በደቂቃ ከ1,400 ሜትር በላይ እየወረደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎችን ከውጭ ምንም እንዳያዩ አድርገው ሲፈትኑ፣ ሁሉም መቆጣጠር ተስኗቸዋል፤ የፈጀባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሴኮንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም!

ከዓመታት በፊት በአንዲት ባለስድስት መቀመጫ አውሮፕላን ወደ ቀብር ስሄድ ከአብራሪው ጎን ተቀምጬ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ምንም ሳይናገር መዞር ጀመረ። ከኋላ የነበሩት አጉረመረሙ። እኔም «ትንሽ ብንገፋ ይገለጥ የለም ወይ?» አልሁት። መልስ ከመስጠቱ በፊት አውራ ጣቱን በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ አሳየኝ። ያለፍነው ሐይቅ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ጣቱን ወደ ፊት አዞረ፤ ግራጫ ብቻ ነበር፤ የትኛው ሰማይ፣ የትኛው መሬት እንደሆነ አይለይም። «የማየው ያንን ነው» አለኝ ወደ ሐይቁ እያመለከተ። ቀብሩ አለፈኝ። ስንወርድ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው ሄድሁ። በዚያን ቀን አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበርነው አንዳችንም ተመለስህልን ብለን አላመሰገንነውም። የተቆጣነው እርሱን ነው።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ ተሳፋሪም የውሳኔው አካል ነው። ሠርግ አለ፣ ቀብር አለ፣ ስብሰባ አለ እያለ የሚያጣድፍ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ፣ አብራሪው ልመለስ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ጉዞውን በጀመረው መንገድ የመጨረስ ፍላጎት ደግሞ መድረሻው በቀረበ መጠን እየበረታ ይሄዳል። «አሥር ደቂቃ ነው የቀረን» የሚለው ሐሳብ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ዘጋቢዎቻችሁ ከአየሩ ጠባይ አልፈው ይጠይቁልን። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ስለ አየሩ ምን ተነግሮት ነበር? ለመነሣት ካሰበበት ሰዓት ስንት ዘገየ? ማን ነበር የሚጠብቀው? በየትኛው ቦታ ላይ መመለስ ይችል ነበር? መርማሪዎች ሪፖርታቸውን የሚያወጡት ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይተው ነው። ያን ጊዜ አደጋው ተረስቷል ብላችሁ አትተዉት፤ የመጀመሪያው ዜና በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው ስፋት አውጡልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ