ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለምናሳየው ፊልም

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አራት ኪሎ ባለው ግቢያችን አዳራሽ ውስጥ «ጁዲ ኤንድ ፓንች» የተባለ ፊልም ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እናሳያለን። ፊልሙ ከበድ ይላል። ስለዚህ ከልጆቻችሁ በፊት ከእኛ እንድትሰሙ ፈለግሁ።

ታሪኩ የተወሰደው ከእንግሊዞች የቆየ የአሻንጉሊት ጨዋታ ነው። መነሻው ጣሊያን ሲሆን፣ ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1662 ለንደን ላይ አይቶት በማስታወሻው አስፍሮታል። ፓንች የሚባለው አሻንጉሊት ሚስቱን ጁዲን በዱላ ይቀጠቅጣል፣ ሕፃኑን ይወረውራል፣ ሊይዘው የመጣውን ፖሊስም አይምርም። ዱላው ከሁለት ስስ ጣውላ የተሠራ ነው። ሲያርፍ ጧ! ይላል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ትልቅ ትንሹ ለዘመናት ስቆበታል።

አውስትራሊያዊቷ ሚራ ፎልክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ፊልም ግን ነገሩን የምናየው በተመቺዋ በኩል ነው። እዚህ ፓንችና ጁዲ አሻንጉሊት አጫዋች ባልና ሚስት ናቸው። ባል ሰክሮ፣ ቋሊማ የሰረቀ ውሻ ሲያሳድድ ሕፃን ልጃቸው በመስኮት ወድቆ ይሞታል። «ልጄስ?» ያለችውን ጁዲን ደብድቦ፣ ሞታለች ብሎ ጫካ ይጥላታል። እዚያ የሚያነሷት ከከተማው የተባረሩ ሰዎች ናቸው። ከተማው ጠንቋይ ናት ያላትን ሴት በድንጋይ ይወግራል፤ ጨረቃን አብዝታ ማየቷ እንኳ ያስከስሳታል። ይህን ሳይ «ቡዳ ናት» ተብለው ጎረቤት የሸሻቸው እናቶች ናቸው የታወሱኝ።

ለምን ይህን መረጣችሁ ትሉ ይሆናል። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ የባልና ሚስት ጠብ እያስመሰሉ ሲጫወቱ አያለሁ። አንዱ ነጠላ ተከናንቦ ሚስት ይሆናል። ጥፊው ሲሰነዘር ግቢው በሳቅ ይሞላል፤ ሴቶቹ ሳይቀሩ ይስቃሉ። ይህ ሳቅ በጣም ያሳስበኛል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን የትዳር ጓደኛን መምታት ወንጀል ነው ይላል። ልጆቻችን ግን አሁንም «የቤት ጣጣ ነው» ሲባል ነው የሚሰሙት። ነገ ትዳር የሚመሠርቱት እነሱ ናቸው።

ፊልሙ ላይ ጁዲ ትበቀላለች። በቀሉ ልክ ነው አልልም፤ እኔም ገና አልቆረጠልኝም። ከፊልሙ በኋላ ተማሪዎቹ እንዲከራከሩበት ጊዜ ሰጥተናል። የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና አማካሪም አብራቸው ትሆናለች። የከበደው ተማሪ መሃል ላይ ተነስቶ መውጣት ይችላል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ወረቀት ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ለክፍል ኃላፊ መምህራን ላኩልን። ያልፈረማችሁ እንደሆነ ልጃችሁ ቅዳሜ ከቤት ይውላል፤ የሚቀነስበት ማርክ የለም። የ12ኛ ክፍል ያልሆኑ ታናናሾችን ግን ይዛችሁ አትምጡ። አብራችሁ ማየት የምትፈልጉ ወላጆች፣ በተለይ አባቶች፣ ብትመጡ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር